የአጎቱ የሆነ ሁሉ

ላቬኒያን ስድስት ዓመት ሙሉ አንጀቷን ሲበላት የኖረው ነገር ይሄ ነው፤ ባሏ ኢኖኬ ለእሷ ብሎ ያወጣውን ዘፈን ሱቫ ከተማ ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም፣ የገዛው ሰው ግን የለም። አውቶብስ ውስጥ ይዘፈናል፣ ጥብስ ቤት ይዘፈናል፣ ሙሽሮች አዳራሽ ሲገቡ ይዘፈናል፣ የጎረቤት ልጅ ሳህን ሲያጥብ ያፏጨዋል። ይሁን፣ ይዘፈን። የባሰው ሌላ ነው። ዘፈኑ መሀሉ ላይ ሲደርስ፣ ጊታሩ ዝም ብሎ ኢኖኬ በለሆሳስ ስሟን ሊጠራ ሲል፣ አንድ የጎረምሳ ድምፅ ዘው ይልና «ኪቲ ሙዚቃ! ኪቲ! ኪቲ! ከገበያው ጀርባ!» ብሎ ይጮሃል። «ላቬኒያ» የሚለው ስም ከዚያ ጩኸት ሥር ተቀብሮ ቀርቷል። ይሄ ኪቲ የሚባለው ባዕድ ቢሆን ኖሮ ፖሊስም አለ፣ ዱላም አለ። ኪቲ ግን የኢኖኬ የእህቱ ልጅ ነው።

የእህት ልጅ ደግሞ ቫሱ ነው። ቫሱ ከእናቱ ወንድም ቤት ገብቶ ዓይኑ ያረፈበትን ቢያነሳ ማን ይናገረዋል? አሳማውን እየነዳ ቢወጣ፣ ምንጣፉን ጠቅልሎ ቢሄድ፣ ሸሚዝ ከገመድ ላይ አውርዶ እዚያው ቢለብስ፣ የአጎትየው ድርሻ ፈገግ ብሎ ማየት ነው፤ ፊቱን ካጠቆረ ነውሩ የእሱ ነው። ድሮ መንደር እያለን የሚነሳው አሳማ ስለነበረ፣ አሳማው ሲያልቅ ነገሩም አብሮ ያልቅ ነበር። ዘፈን ግን አያልቅም። ኪቲ ከስድስት ዓመት በፊት አንዴ አነሳው፣ ይኸው እስከ ዛሬ እያነሳው ነው።

የኢኖኬ ባንድ አምስት ሰው ነበር። ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው ሳሚሶኒ አምና አውስትራሊያ ፍራፍሬ ለቀማ ሄደ፤ ትንሿን ጊታር የሚመታው ሌሊት ሌሊት ባንክ በር ላይ ይቆማል፤ የሚቀዳቸው የስቱዲዮ ባለቤት እንኳ ዕቃውን ሸጦ ዛሬ የመኪና ጎማ ይነፋል። ከሁሉም አልነቃ ያለው ኢኖኬ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን እሱም ነቃ፤ የቀረው አንድ የመጨረሻ ሙከራ ብቻ ሆነ። አዲስ ስምንት ዘፈን በሰው ቤት ጓዳ፣ መስኮቱ ላይ ፍራሽ አስደግፈው ቀዱ፤ ሲዲው ተባዝቶ በካርቶን መጣ፤ ቅዳሜ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሊሸጥ ተወሰነ። «ከተሸጠ እሰየው፣ ሌላም እንቀዳለን» አለ ኢኖኬ፣ ጊታሩን ሳይሆን ወለሉን እያየ። «ካልተሸጠ ሰኞ ለጆሴሴ ስሜን እሰጠዋለሁ።» ጆሴሴ ሰፈሩ ውስጥ ለለቀማ የሚሄዱትን የሚያሰባስበው ሽማግሌ ነው። ሰባት ወር ነው። ላቬኒያ ባሏ ሰባት ወር ሙሉ ከሰው አገር ዛፍ ሥር ጎንበስ ቀና ሲል ታያት፤ ለእሱ ግን «እስቲ ቅዳሜ ይምጣ» ብቻ አለችው።

ቅዳሜ መጣ። ላቬኒያ ለማታው እንግዳ ጎደሬ ቅጠልና ዓሣ ልትገዛ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ የገበያውን አውቶብስ ተሳፈረች፣ የመክፈያ ካርዷን ማሽኑ ላይ አስነካች፣ ከሾፌሩ ከሙኔሽ ጀርባ ባለው መቀመጫ ተቀመጠች። አውቶብሱ እንደ ወትሮው የመስኮት መስታወት የለውም፣ ነፋሱም ዘፈኑም በአንድ ላይ ፊት ይመታሉ። ድልድዩን ሳይሻገሩ አንድ ዘፈን ጀመረ። መጀመሪያ ዝም ብላ ሰማችው፤ ጥሩ ነው። ከዚያ የኢኖኬ ድምፅ ገባ። ከዚያ በየሌሊቱ ጓዳ ውስጥ ሲያጉረመርመው የከረመው፣ ከእሷና ከባንዱ በቀር ማንም ያልሰማው፣ ዛሬ ማታ ሊሸጥ በካርቶን የታሸገው ዘፈን መሆኑ ገባት። ከዚያ ደግሞ፣ «ኪቲ! ኪቲ!»

«ሙኔሽ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ምኑን፣ እናቴ?»

«የሚጮኸውን ነዋ!»

«አዲሱን? ኪቲ ነዋ፣ ሐሙስ ማታ ሞላልኝ። ኧረ የባልሽ እኮ ነው፣ አላወቅሽውም?» ሙኔሽ ወደ ኋላ ዞሮ ለተሳፋሪው ተናገረ። «ጉድ እኮ ነው ጎበዝ፣ ሴትዮዋ የገዛ ባሏን ድምፅ አላወቀችም!»

አውቶብሱ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ግጥሙን ከነመታጠፊያው ያውቁታል፤ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ።

«ስንት አስከፈለህ?»

«ፍላሹ አምስት ዶላር ነው። ሁለት ሺህ ዘፈን ይገባበታል። የባልሽን አላስከፈለኝም፣ ምርቃት ነው።»

«ምርቃት!»

«አትቆጪኝ፣ እናቴ። እኔ ዝም ብዬ ብነዳ እነዚህ ልጆች ይሳፈሩልኛል? ከኋላ የሚመጣውን ባለ ዘፈን ይጠብቃሉ። ባልሽ እኮ ነው ዳቦዬን የሚያበላኝ።»

ላቬኒያ «እኛንስ?» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ገበያው እስኪደርስ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ስምንቱንም ዘፈን በተራ ሰማች። ስምንቱም አሉ። አንድም አልጎደለ።

የኪቲ ሱቅ ከገበያው ጀርባ፣ በድንች ጥብስ ቤትና በሰዓት ጠጋኝ መሀል የተሰነቀረ፣ ስፋቱ ከበር የማይበልጥ ነገር ነው። ውስጡ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሰው የሚያክል ስፒከር፣ አንድ የሸንበቆ ወንበር አለ። በር ላይ ሾፌሮች፣ የዳንስ ልጆች፣ አንዲት መነኩሲት የመሰለች አሮጊት ሳትቀር ፍላሻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ኪቲ ራሱ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሳቂታ ነው፣ መጥላት የሚያስቸግር ልጅ ነው፤ ላቬኒያን ከሁሉ የሚያናድዳት ይሄ ነው። የኢኖኬን ባለ አበባ ሸሚዝ ለብሷል።

«አክስቴ! ነይ ግቢ! ተቀመጪ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው።»

«የእኔ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ከበረንዳዬ ነው ያነሳኸው።»

ሰልፉ ሳቀ። ኪቲም ከሁሉ አብልጦ ሳቀ።

«ዛሬ ማታ የሚወጣ ዘፈን ሐሙስ ምን አስቸኮለህ?» አለችው።

«አክስቴ፣ እኔ ባላወጣው ዛሬ ማታ ማን ይመጣላችኋል? ሰው እኮ ለማያውቀው ዘፈን ቤቱን ዘግቶ አይወጣም። ማስታወቂያ ሠራሁላችሁ፣ ያውም በነፃ። አዳራሹ ይሞላል፣ ታያለሽ።»

«ሲዲውንስ? እሱን ማን ይገዛዋል?»

«ሲዲ!» ኪቲ ወደ ሰልፉ ዞረ። «እስቲ ሲዲ ማጫወቻ ያለው እጁን ያውጣ!» ማንም አላወጣም። «አየሽ፣ አክስቴ? አንቺ ራስሽ አለሽ?»

«ነበረኝ። አንተ ወሰድከው።»

እዚህ ላይ ሰዓት ጠጋኙ ሳይቀር ከሱቁ አንገቱን አውጥቶ ሳቀ። ላቬኒያ ግን አልሳቀችም። ወደ ልጁ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አጎትህ ለለቀማ ሊሄድ ነው፣ ኪቲ። ዛሬ ካልተሸጠ ሰኞ ስሙ ይገባል።» የልጁ ፊት ለአንድ አፍታ ዳመነ፤ የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ ያለው እጁ ቆመ። ከዚያ የሚሞላው ፍላሽ መጨረሱን ኮምፒውተሩ ነገረው፣ ነቅሎ ለባለቤቱ ሰጠ። «ደህና ይከፍላሉ አሉ» አለ። «ደግሞ እኔ አልሰረቅኩም፣ አክስቴ። አጎቴ ራሱ ነው የሰጠኝ። ጠይቂው።»

«ቫሱ ነዋ!» አለ ከሰልፉ አንዱ ሾፌር። «ቫሱን ምን ታደርጊዋለሽ?»

የኪቲ እናት ቶሪካ ከገበያው ውስጥ ጎደሬና ቅጠሉን ትሸጣለች። ቶሪካ የኢኖኬ ታናሽ እህት ናት፤ ወንድምና እህት እንደመሆናቸው ደግሞ ጡት ካወጣችበት ቀን ጀምሮ አንድም ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ተጣልተው አይደለም፤ ክብር ነው። እሱ ሲገባ እሷ በጓሮ ትወጣለች፣ እሷ ስታወራ እሱ ጣሪያ ያያል። በመሀል ወሬውን፣ ሰላምታውን፣ የለቅሶውን ቀን ስታመላልስ የኖረችው ላቬኒያ ናት። እሷና ቶሪካ ግን የወንድም ሚስትና የባል እህት ስለሆኑ «ዳውቬ» ነው የሚባባሉት፤ ዳውቬ ለዳውቬዋ ያሻትን ብትል ማንም አይቀየማትም፣ እንዲያውም ካልተሳደቡ ሰው የተኮራረፉ ይመስለዋል።

«ዳውቬ፣ አንድ እስር ስንት ነው?» አለች ላቬኒያ ቶሪካ ፊት ቆማ።

«ለሰው ሁለት ዶላር፣ ላንቺ ሦስት። የታዋቂ ሰው ሚስት በቅጠል ዋጋ ስትከራከር ያሳፍራል።»

«ታዋቂ ያደረገው ልጅሽ ይክፈልልኝ።»

ቶሪካ የምትረጨውን ውሃ አቆመች። ነገሩ የምን እንደሆነ ገብቷታል። ቅጠሉን ወደዚህ አዛወረችው፣ ወደዚያ አዛወረችው፣ ከዚያ በቀስታ እንዲህ አለች፦ «ወንድሜ እምቢ ይበለው እንጂ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«ወንድምሽ እምቢ ማለት ቢያውቅ እኔን መቼ ያገባኝ ነበር?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «ልጄ አራት ዓመት ሥራ ፈልጎ አጣ፣ ዳውቬ» አለች ቶሪካ። «ሱቋ ከተዘጋች ማታ ማታ የት እንደሚያመሽ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ይኸው ቤት ይገባል፣ ከእኔ ጋ ይበላል።» ላቬኒያ ሁለት ዶላር አውጥታ ሰጠች፤ ቶሪካም ሁለት እስር ደርባ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችላት። ላቬኒያ አመስግና ሄደች። ዓሣው ተወዶ ስለነበር ትንንሹን ገዛች።

ቤት ስትደርስ ኢኖኬ በረንዳው ላይ ይመላለሳል። እግሩ ላይ አዲስ፣ ጥቁር፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ አለ። ጆሴሴ «ከአሁኑ አለማምደው፣ አለበለዚያ እዚያ እግርህን ይልጠዋል» ብሎ ከባርኔጣና ከዝናብ ካፖርት ጋር አሸክሞት ነው፤ የሰውየው ስም ገና ሳይገባ ጫማው ገብቷል። ከምሰሶው እስከ በሩ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል፤ በየእርምጃው ጫማው እንደ ታመመ ዳክዬ ይጮሃል። ላቬኒያ ዘንቢሏን አስቀምጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ሐሙስ ዕለት ለኪቲ ዘፈኑን ሰጠኸው?»

ዳክዬው ቆመ። «ምን ልበለው? ሁለት ሳህን በላና ‹አጎቴ፣ እስቲ አሰማኝ› አለኝ። ከዚያ ፍላሽ አወጣ። ቫሱ ነው።»

«እኔ ገበያ ስሄድ ጠብቆ ነው የመጣው።»

«ወደደው እኮ» አለ ኢኖኬ። ፊቱ ላይ ልትመታው የሚያሰኝ፣ ልታቅፈውም የሚያሰኝ ፈገግታ ብቅ አለ። «የመጀመሪያውን ስንኝ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ኪቲ ይቀልዳል እንጂ ጆሮ አለው።» ከዚያ ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ። ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ አንዱ ጥፋቱን ያውቃል፣ ሌላው ማወቁን ያውቃል። እሷ ኮኮናት ልትፍቅ ገባች። ቅጠሉን ከኮኮናቱ ወተት ጋር ስታበስል፣ ዓሣውን ስትጠብስ፣ ውጭ የጫማው ጩኸት እንደገና ጀመረ፤ ከምሰሶው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ምሰሶው።

ኪቲ አልዋሸም፤ ማታ አዳራሹ ሞላ። ሰው ከነልጅ ልጁ መጣ፣ ምንጣፉ አልበቃ ብሎ ደጅ ተቀመጠ። ወንዶቹ ያንጎና በትልቁ የእንጨት ገበታ በጠበጡ፤ ጭቃ ውሃ የመሰለው መጠጥ በኮኮናት ቅል ይዞራል፣ የጠጣ ያጨበጭባል። ኢኖኬና ከባንዱ የቀሩት ሁለቱ ሲጀምሩ ደግሞ ጉድ ሆነ። ገና ዛሬ የተወለደ ዘፈን፣ አዳራሹ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ሴቶቹ ከላይ ያዙት፣ የሳሚሶኒን ወፍራም ድምፅ ደጅ ያሉት ሾፌሮች ሞሉት፤ እነሙኔሽ ናቸው። አንዳንዶቹ የራሱ የዘፈኑ አካል መስሏቸው መሀሉ ላይ «ኪቲ! ኪቲ!» እያሉ ይጮሃሉ። ኢኖኬ እንባውን በክርኑ ጠረገ፤ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ላቬኒያ ከበሩ አጠገብ ካርቶኑ ጋ ቆማለች። «ሲዲ፣ አሥር ዶላር» ትላለች። «አለኝ እማማ፣ ፍላሽ ላይ» ይላታል አንዱ። «አውቶብስ ላይ እሰማው የለ?» ትላታለች ሌላዋ። አንድ ሽማግሌ አንዱን አንስቶ ወዲያ ወዲህ አገላብጦ አየውና ቲማቲሙ ላይ የሚያርፉትን ወፎች ለማስፈራራት በሁለት ዶላር ትሰጠው እንደሆነ ጠየቃት። ካርቶኑ እንደመጣ ሞልቶ አለ። ከወንዶቹ ክብ ውስጥ ጆሴሴ አንገቱን ቀና አድርጎ ካርቶኑን አየ፣ ከዚያ ኢኖኬን አየ፣ ከዚያ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

ኪቲ የገባው ይሄኔ ነው። ሰው ስሙን እየጠራ ተቀበለው። የሚያዞረው ልጅ ለኢኖኬ የሞላውን ቅል በሁለት እጁ ይዞ ተንበርክኳል፤ ኪቲ ጎንበስ አለና ከልጁ እጅ ላይ ላፍ አድርጎ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የቫሱ ወጉ ነው፤ የአጎቱን ቅል ሲጠጣ ያላየ ሰው ግብዣ ሄድኩ አይልም። ኢኖኬም ሳቀ። በሴቶቹ በኩል ቶሪካ ጭኗን እየመታች ሳቀች። «የአጎቱ የሆነ ሁሉ የእሱ ነው!» አለ ጆሴሴ እያጨበጨበ።

ላቬኒያ ካርቶኑን ትታ ወጣች። ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ነው። ስትመለስ የተጠቀለለ አዲስ ምንጣፍ በሁለት ክንዷ ይዛለች። በሴቶቹ በኩል አልሄደችም፤ በቀጥታ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ሄደች፣ ከገበታው ወዲህ እንደ ወጉ ተንበረከከች፣ በጉልበቷ እየዳኸች ኪቲ ፊት ደረሰችና ምንጣፉን ዘረጋችው። ከውስጡ ጥቁሩ ቦት ጫማ ወጣ። ባለ ክፈፍ ባርኔጣና የዝናብ ካፖርትም ወጣ። ጨዋታው ሁሉ ቀጥ አለ።

«ይቺ ትንሽዬ ነገር ናት» አለች፣ ስጦታ የሚያቀርብ ሰው በሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ። «ለቫሱአችን አትመጥንም። የአጎቱ የሆነ ሁሉ የእሱ መሆኑን ቤታችን ያውቃል፤ ሸሚዙን ወስደሃል፣ ወንበሩን ወስደሃል፣ ዘፈኑን ወስደሃል፣ አሁን ደግሞ ቅሉን ጠጥተሃል። ይቺን ግን ረስተሃት ሄድክ። ለአጎትህ የቀረው አንድ ነገር ይሄ ነው፤ ሰባት ወር ለቀማ። ያንተ ነው፣ ልጄ። ውሰድ።»

ደጅ ያሉት ሾፌሮች በሳቅ ፈነዱ። ኪቲም አብሮ ሳቀ፣ ግን ሳቁ ቶሎ ደከመው። «አክስቴ፣ ቀልድሽን ነው አይደል?»

«እኔ ቀልድ የት አውቅና! ካልፈለግክ ደግ፤ ቫሱነቱን እዚችው ምንጣፍ ላይ አስቀምጠህ ትሄዳለህ። ከዘፈኑ ጋር።»

ኪቲ ወደ ጆሴሴ ዞረ፤ ሽማግሌው ያድነው መስሎት። ጆሴሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስሙ ገና አልገባም» አለ። «እውነቱን ለመናገር እነሱም የሚፈልጉት ወጣት ነው። ኢኖኬን ያሰብኩት ጎረቤቴ ስለሆነ እንጂ ወገቡ…» እጁን አወዛወዘና ተወው። ኪቲ ወደ አጎቱ ዞረ። ኢኖኬ አፉን ከፈተ። በዕድሜው እምቢ ብሎ የማያውቀው ሰው «ተወው ልጄ» ሊል መሆኑን ላቬኒያ አወቀች፤ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አየችው። ኢኖኬ አፉን ገጠመና ያልላላ የጊታር ክር ማጥበቅ ጀመረ።

ልጁ ጫማውን አየ። ሰውን አየ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ፍላሹን ከእሱ የሞላ ነው፣ ስሙን በዘፈን መሀል የሚጮህለት ነው፤ «ቫሱ» ሲሉት ነው የሚነሱለት። ይሄን ሁሉ ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ መውጣት አቃተው። ጎንበስ አለ። አንዱን ጫማ አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ ብብቱ ሥር አደረጋቸው። ከዚያ ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፋና ስጦታውን መቀበሉን ለማሳየት እንደ ወጉ ሦስቴ አጨበጨበ።

የጣሪያው ቆርቆሮ ሊነሳ ደረሰ። ሙኔሽ ሲዘል ታየ። ጆሴሴ ከኪሱ እስክሪብቶ ሲፈልግ ታየ። ኢኖኬ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ዘፈን ጀመረ። ላቬኒያ በጉልበቷ እየዳኸች ከወንዶቹ ክብ ወጥታ ወደ ሴቶቹ ተመለሰችና ከምግቡ አጠገብ ተቀመጠች።

ቶሪካ ጫማው እስኪነሳ ድረስ ስትስቅ ነበር። አሁን አትስቅም። ተነስታ ሰው እያለፈች መጣችና ላቬኒያ አጠገብ ተቀመጠች። ፊቷን ላቬኒያ ታውቀዋለች፤ ይሄን ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ ስታየው የከረመችው ፊት ነው። ሁለቱም ልጁን እያዩ ቆዩ። ልጁ ባርኔጣውን እንዳደረገ ይጨፍራል።

«ስንት ወር አልሽ?» አለች ቶሪካ።

«ሰባት።»

«ብርድ አለ ይላሉ።»

«አለ።»

ዘፈኑ አለቀ፣ ሌላ ተጀመረ።

«ጫማው ይሰፋዋል፣ ዳውቬ። የወንድሜ እግር ትልቅ ነው።»

ላቬኒያ ከዓሣው ደህናውን መርጣ፣ ቅጠሉን በላዩ አፍስሳ፣ ሳህኑን ወደ ቶሪካ ገፋችላት።

«ካልሲ ይደርብ» አለች።